በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ለትልቅ የአደን ጠመንጃ የበርሜል ልክ አመራረጥ

(በአሶሳ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



የንግግሩ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ፣ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ከሜካኒካል ምህንድስና ወደ ጦር ሜዳ መቼ እንደተዛወርሁ እየጠየቁ ሲቀልዱብኝ ሰንብተዋል። አልተዛወርሁም። ሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር የኖርሁት ስለ ግፊት፣ ስለ ውጥረትና ስለ ቱቦ ነው፤ ዛሬም የምናገረው ስለዚያው ነው። ቱቦው ግን ያለፈው ዘመን የዝሆን አዳኞች ትከሻቸው ላይ ያኖሩት ቱቦ ነው። ለምን በዚህ ጉዳይ እንደተያዝሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ከትምህርት በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣ። የመንጌ አካባቢ ልጅ ነው። የወንድሙ ሠርግ ደርሷል፤ በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጥንት ጠመንጃ አለ፤ ለሠርጉ ደስታ ይተኮስ ተብሎ ተመክሯል። «ዶክተር፣ ባሩድ ስንት ይበቃዋል?» አለኝ። ሳላየው ምንም እንዳታጎርሱት አልሁትና በሳምንቱ መጨረሻ አብረን ሄድን።

ጠመንጃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ከትከሻዬ ይደርሳል። አባቶቻችን «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ ከሚቀልዱበት ዘር ነው፤ አጉርሶ እስኪተኩሱበት ድረስ ጠላትም አውሬም ቆሞ መጠበቅ ነበረበትና። በቬርኒየር ካሊፐር የአፉን ስፋት ለካሁ፤ 18.6 ሚሊ ሜትር። በባትሪ ወደ ውስጥ አየሁ፤ በርሜሉ ልሙጥ ነው፣ አንድም ጥምዝ ቦይ የለውም። እኔም የተማርሁ ሰው ነኝና፣ በሽማግሌው ፊት «ቦይ እንኳ የለውም፤ ርካሽ ሥራ ነው» ብዬ ተናገርሁ። ሼሁ ሻያቸውን አስቀመጡና በትሕትና ጠየቁኝ፦ «ዶክተር፣ ጠመንጃው ርካሽ ከሆነ አባቴ ዝሆኑን በምን ገደለው?»

በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግር መልሱ ነው።

በቅድሚያ በቃላት እንግባባ። በአማርኛ «አፈሙዝ» ስንል ብዙ ጊዜ የብረቱን ቱቦ በሙሉ ማለታችን ነው። ለዛሬ ግን ቱቦውን «በርሜል»፣ አረሩ የሚወጣበትን ጫፍ «አፈሙዝ» እላለሁ። በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ማለት ባሩዱም፣ ውታፉም፣ አረሩም በዚሁ ጫፍ ገብተው በዘንግ የሚጠቀጠቁበት ማለት ነው። የኋላው ጫፍ ድፍን ነው። ቀለህ የለውም። ስለዚህ ተኳሹ በእያንዳንዱ ተኩስ ጥይቱን ራሱ ይሠራል፤ የባሩዱን መጠን፣ የአረሩን ልክና የጨርቁን ውፍረት ራሱ ይወስናል። በርሜሉ ብቻ የተወሰነ ነው። አንድ ጊዜ ከተሠራ የማይለወጠው እርሱ ስለሆነ፣ በርሜሉ ላይ የሚጻፈው ልክ ለሃምሳ ዓመት የሚያስደስት ወይም የሚያስቆጭ ውሳኔ ይሆናል።

ከስፋቱ እንጀምር። የጥንቶቹ ሠሪዎች የበርሜልን ስፋት የሚጠሩት በ«ቦር» ነው፤ ይኸውም ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት ክብ አረር ይወጣል ማለት ነው። 10 ቦር ከሆነ አንዱ አረር የፓውንድ አንድ አሥረኛ፣ 45 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዲያሜትሩም 19.7 ሚሊ ሜትር ነው። 4 ቦር ከሆነ አረሩ 113 ግራም፣ ዲያሜትሩ 26.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሼሁ ጠመንጃ በዚህ ስሌት 12 ቦር ገደማ ነው።

ለምን ይሰፋል? ጥቁር ባሩድ ሰነፍ ስለሆነ ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ቀጭኑን ጥይት በሴኮንድ ከ800 ሜትር በላይ ያስወነጭፈዋል። ጥቁር ባሩድ ግን ክብ አረርን ከ400 እስከ 500 ሜትር ካደረሰ በኋላ፣ ጉርሻውን እጥፍ ብናደርግለት እንኳ ትርፉ ጭስና ርግጫ ነው። ፍጥነት ካልተጨመረ መጨመር የሚቻለው ክብደት ነው። ክብ አረር ደግሞ ዲያሜትሩ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ ፊቱ ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ ያለው ክብደት፣ ማለትም ሥጋና አጥንት ሰንጥቆ የመዝለቅ አቅሙ፣ ከዲያሜትሩ ጋር እኩል ያድጋል። የትልቅ አፍ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ፉከራ ነው።

ዝሆን ላይ ይህ ስሌት ሕይወትና ሞት ነበር። የአፍሪካ ዝሆን የራስ ቅል ወፍራም ቢሆንም ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ክፍት ክፍት ነው፤ አንጎሉ ከዚያ ጀርባ ይገኛል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በሴሎን፣ በዛሬይቱ ስሪ ላንካ፣ ግንባር ላይ እየተኮሰ ዝሆን መጣል የለመደ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ወደ እኛ ምዕራባዊ ድንበር መጥቶ ከአትባራና ከሰቲት፣ ማለትም ከተከዜ፣ ተነሥቶ እስከ ራሃድና ዲንደር ሲያድን የግንባሩ ተኩስ ከዳው። የእኛ ዝሆን የራስ ቅሉ አቀማመጥ የተለየ ነው። በዚሁ አካባቢ የሐምራን አዳኞች ግን ጠመንጃ ሳይዙ፣ በፈረስ ሆነው የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት በሰይፍ ይቆርጡ ነበር። ቤከር ይህን በአድናቆት ጽፎታል፤ እኔም ሳነብ ከጠመንጃው ይልቅ የሰይፉ ዘዴ የተሻለ ምህንድስና መስሎ ታይቶኛል።

ቤከርን የጠራሁት ግን ስለ ሁለት ጠመንጃዎቹ ነው። የመጀመሪያውን ያሠራው እ.ኤ.አ. በ1840 በብሪስቶል ከሚገኘው ጊብስ ዘንድ ነው፤ ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። የበርሜሉ ርዝመት 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ነው። የጠመንጃው ክብደት 21 ፓውንድ፣ ማለትም 9.5 ኪሎ ግራም ነው። አረሩ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው የሦስት አውንስ ክብ፣ 85 ግራም ሲሆን፣ የባሩዱ ጉርሻ 16 ድራም፣ ማለትም 28 ግራም ነው። ሁለተኛውን ሆላንድ የሠራለት ሲሆን ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ፈንጂ አረር ይተኩሳል። ቤከር በቁልምጫ «ሕፃኑ» ይለዋል፤ ዐረቦቹ አጃቢዎቹ «የመድፍ ልጅ» ብለው ሰየሙት። የዚህ ጠመንጃ ክብደት 20 ፓውንድ፣ ጉርሻው 10 ድራም ብቻ ነበር። ወደ እኛ ድንበር የመጣው ይህኛው ነው።

አሁን እናስላ። ለመጀመሪያው የአረሩን ፍጥነት በሴኮንድ 450 ሜትር ብለን እንውሰድ። አረሩ ይዞት የሚሄደው ሞመንተም 38 ኒውተን ሴኮንድ ያህል ይሆናል፤ ከባሩዱ ጋዝ ጋር ሲደመር ወደ 57 ይጠጋል። ይህን ለ9.5 ኪሎ ስናካፍል ጠመንጃው ወደ ትከሻ የሚመጣው በሴኮንድ 6 ሜትር ፍጥነት ነው፤ ርግጫውም 170 ጁል ያህል ነው። አንድ የዛሬ ተራ የአደን ጠመንጃ የሚራገጠው ከ20 እስከ 30 ጁል ነው። «ሕፃኑ» ጋ ስንመጣ ባሩዱ አነስተኛ ነው፤ በአንድ ግራም ባሩድ እኩል ኃይል አገኘ ብንል የአረሩ ፍጥነት 220 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ከፊተኛው ግማሽ ነው። ርግጫው ግን ከ200 ጁል በላይ ይደርሳል! አነስተኛ ባሩድ፣ ግማሽ ፍጥነት፣ የባሰ ርግጫ። ቤከር ራሱ በዚህ ጠመንጃ ሲተኩስ በአውሎ ነፋስ እንደተያዘ የነፋስ አቅጣጫ መጠቆሚያ ይሽከረከር እንደነበር ይናገራል። በብዙ ዓመት ውስጥ የተኮሰው ሃያ ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ይፈራው ነበርና።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? የበርሚንግሃሙ ጠመንጃ ሠሪ ግሪነር ለሚስማር አረር ጠመንጃ ያወጣው አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ ጠመንጃው የሚተኩሰውን እርሳስ 96 እጥፍ ይመዝን ይላል። ሕጉ ለትልቅ አደን የተጻፈ ባይሆንም እንደ ሚዛን ሊያገለግለን ይችላል። 85 ግራም በ96 ሲባዛ 8.2 ኪሎ ነው፤ የጊብሱ ጠመንጃ 9.5 ኪሎ ስለሆነ ያልፋል። የ«ሕፃኑ» 227 ግራም በ96 ሲባዛ ግን ወደ 22 ኪሎ ይጠጋል፤ ጠመንጃው 9 ኪሎ ብቻ ነው። ቤከር በ19 ዓመቱ ከሁሉም ቁጥሮች ጋር ተስማምቶ ነበር። በአርባዎቹ መግቢያ ፈንጂ አረር አማረውና ከአረሩ መጠን ብቻ ተነሣ፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ሳይጠየቁ ቀሩ። እኛም የማሽን ዝርዝር መግለጫ ስንጽፍ አንዱን ቁጥር ወድደን ሌሎቹን ለዕድል እንተዋለን፤ የተማሪዎቼን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሳርም ይህን «ሕፃን» በየዓመቱ አገኘዋለሁ።

ከዚህ የባሰም አለ። ፍሬድሪክ ሴሉስ እ.ኤ.አ. በ1871 ደቡብ አፍሪካ ሲገባ እርሱም የ19 ዓመት ወጣት ነበር። (ይህ ዕድሜ ለጠመንጃ ታሪክ ምን እንደሆነ አላውቅም።) የያዛቸው ጠመንጃዎች በበርሚንግሃም ለዳክዬ አደን የተሠሩ ርካሽ፣ ልሙጥ፣ በአፋቸው የሚጎርሱ 4 ቦሮች ነበሩ፤ ክብደታቸው 12 ፓውንድ ተኩል፣ 5.7 ኪሎ ብቻ። አራት አውንስ አረርና እፍኝ ሙሉ ባሩድ ያጎርሳቸው ነበር። ባሩዱን 30 ግራም፣ ፍጥነቱን 400 ሜትር ብለን ብናሰላ ርግጫው ወደ 370 ጁል ይደርሳል። በእነዚህ ጠመንጃዎች 78 ዝሆን ገድሏል። ነገር ግን በኋላ እንደጻፈው፣ ድብደባው ነርቩን ስለጎዳው ከዚያ ወዲያ በቀላል ጠመንጃ እንኳ ሲተኩስ ሰውነቱ ይሸማቀቅ ነበር፤ ባልነካኋቸው ኖሮ ብሎም ተጸጽቷል። ትከሻም የማሽኑ ክፍል ነው፤ ዝርዝር መግለጫው ውስጥ ግን አይጻፍም።

አሁን ወደ በርሜሉ ውስጥ እንግባ። ጥምዝ ቦይ የሚቀረጸው አረሩ እየተሽከረከረ እንዲወጣና አቅጣጫውን እንዲጠብቅ ነው። ጥያቄው በስንት ርቀት አንድ ዙር ይዙር የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ብዙ ከዞረ ይሻላል» ይላል። ለረጅሙ ሹል ጥይት እውነት ነው፤ ጭራው ከአፍንጫው ሊቀድም ስለሚፈልግ አጥብቆ መሽከርከር አለበት። ክብ አረር ግን ጭራም አፍንጫም የለውም። የሚያስፈልገው ጥቂት መሽከርከር ብቻ ነው።

ይህን በግልጽ የተናገረው በሕንድ ያገለግል የነበረው መኮንን ጄምስ ፎርሳይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ባወጣው መጽሐፉ። ለ14 ቦር ጠመንጃ በ104 ኢንች አንድ ዙር ይበቃል አለ፤ 2.64 ሜትር ማለት ነው። በርሜሉ ከሜትር ስለሚያጥር አረሩ ከአፈሙዙ እስኪወጣ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም! ቦዮቹም ጥልቀት የሌላቸው ይሁኑ አለ። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ የሒሳብ ሊቁ ግሪንሂል ለረጅም ጥይት አንድ ቀመር አወጣ፤ የመጠምዘዣው ርቀት ከ150 ሲባዛ በዲያሜትር ካሬ ሲካፈል ለርዝመት ጋር እኩል ነው። ርዝመቱና ዲያሜትሩ እኩል የሆነ ጥይት ኳስ ነውና፣ ቀመሩን ያለ ቦታው ብንወስደው ውጤቱ 150 ዲያሜትር ነው። የ14 ቦር ኳስ ዲያሜትር 17.6 ሚሊ ሜትር ነው። በ150 አባዙት፤ 2.64 ሜትር። የፎርሳይት ቁጥር! ቀመሩ ለኳስ የተሠራ ስላልሆነ አጋጣሚ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ እኔም በፈተና ላይ አላስመልሰውም። ነገር ግን በጥንቃቄ የተኮሰ ሰውና በጥንቃቄ ያሰላ ሰው እንዲህ ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል።

ጥምዙ ከሚገባው በላይ ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ክብ አረር በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚጎርሰው፤ ቦዩን የሚይዘው ጨርቁ ነው። ጉርሻው ሲበዛ አረሩ በድንገት ይገፋል፤ ጥምዙን መከተል ስለሚያቅተው ቦዩን ዘልሎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ቦይ ያለው ጠመንጃ ከልሙጡ የባሰ ይስታል። የቤከር ጊብስ በ36 ኢንች አንድ ዙር ነበረው፤ በእኛ ስሌት ለዚያ አረር ከ3.6 ሜትር አካባቢ ይበቃ ነበርና አራት እጥፍ ያህል ጠብቋል። ሠሪው አረሩ እንዳያመልጥ ሁለት ሰፋፊና ጥልቅ ቦዮች ቀርጾ አረሩን የብረት ሐዲድ እንደሚይዝ ጎማ በቀበቶ አሰረው። ሠርቷል፤ ነገር ግን የራሱን ችግር ራሱ ፈጥሮ ራሱ ነው የፈታው።

ስለ ግድግዳው ውፍረት ብዙ አልልም፤ የዚህ ክፍል ተማሪዎች ቀመሩን ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ንጽጽር እዚሁ ክልላችን ውስጥ አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ነው። ውሃ ይህን ሙሉ ቁመት ቢይዝ በግርጌው የሚያሳርፈው ግፊት 14 ባር ገደማ ነው። በትልቅ ጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ግፊት 800 ባር ብለን እንውሰድ። የበርሜሉ ውስጠ ስፋት 24 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት በባሩዱ ማደሪያ ላይ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የውስጠኛው ገጽ ውጥረት 130 ሜጋ ፓስካል ያህል ነው። የዚያ ዘመን ለስላሳ ብረት በ200 አካባቢ ቅርጹን ይለቃልና ይበቃል፤ ግን ብዙ ትርፍ የለውም። አሁን ደግሞ 14 ባር ብቻ የሚሸከም፣ ዲያሜትሩ ግን 8 ሜትር የሆነ የውሃ ቱቦ አስቡ። 150 ሜጋ ፓስካል ብንፈቅድለት ግድግዳው 37 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከጠመንጃው በርሜል ሦስት እጥፍ ይወፍራል! ግፊቱ ብቻውን አይደለም ብረቱን የሚያስጨንቀው፤ ግፊቱና ስፋቱ ሲባዙ ነው። አፍ ሲሰፋ ግድግዳ ይወፍራል፣ ግድግዳ ሲወፍር ክብደት ይጨምራል፤ ክብደቱም ለርግጫው መድኃኒት ይሆናል። እዚህ ላይ ተፈጥሮ ለጠመንጃ ሠሪው ትንሽ ራርታለታለች።

ርዝመቱስ? ጥቁር ባሩድ ቶሎ ይነድዳል። የጊብሱ 28 ግራም ባሩድ በበርሜሉ ውስጥ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል፤ ጋዙ አሥር አሥራ ሁለት እጥፍ ከሰፋ በኋላ ግፊቱ ይደክማል። ስለዚህ ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለው ርዝመት ጥቅሙ ለአላሚው ዐይን እንጂ ለአረሩ አይደለም። ወጪው ግን አለ። በዳቡስ ሸለቆ የሽመል ጫካ ውስጥ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ማየት በማይቻልበት ቦታ ረጅም በርሜል በየሽመሉ ይጋጫል፣ ድምፅ ያሰማል። ከጓደኞቼ መካከል «ረጅም ይሻላል» የሚለውን ሁሉ በጥቅምት ወር ወደዚያ ብወስደው ደስ ይለኛል።

ወደ ሼሁ ጥያቄ ደረስን። አባታቸው የያዙት ልሙጥ ጠመንጃ በእርግጥ ርካሽ ሥራ ነበረ? በዚህ አገር የዝሆን ጥርስና ወርቅ ለዘመናት ወደ ሱዳንም ወደ መሀል አገርም ሲጓዝ ኖሯል። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ቤንሻንጉልን ወደ ምኒልክ ግዛት ካስገቡ በኋላም የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን በዚሁ ንግድ ታላቅ ሰው ሆነዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ሸጎሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። በዚያ ዘመን ከኋላ የሚጎርሱት ስናድርና ውጅግራ ወደ መኳንንቱና ወደ ጭፍራው ሲሄዱ፣ አሮጌው ልሙጥ ጠመንጃ በገበሬውና በአዳኙ እጅ ቀረ። እኛ የተማርነው ይህን «ድህነት» ብለን እናልፈዋለን። እኔም ያልሁት ይህንኑ ነበር።

አሁን የአዳኙን ሁኔታ እንደ ዝርዝር መግለጫ እንጻፈው። ርቀቱ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ በሽመሉ ውስጥ ከዚያ በላይ አይታይም። በዚህ ርቀት ከልሙጥ በርሜል የሚወጣ ክብ አረር ከታለመበት ቢስት በመዳፍ ስፋት ገደማ ነው፤ የዝሆን ልብና ሳንባ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይሰፋል። ቦዩ የሚሰጠው ጥቅም የሚታየው ከዚህ ርቀት ባሻገር ነው። ባሩዱ በአካባቢው የተቀመመ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ በርሜሉን በጥላሸት ይለብጣል። ከሦስት ከአራት ተኩስ በኋላ ቦይ ያለው በርሜል በጨርቅ የተጠቀለለ ልከኛ አረር አላስገባም ይላል፤ ልሙጡ ግን ትንሽ አነስ ያለ አረር ይወስዳል። የቆሰለ ዝሆን ወደ ሰው በሚመጣበት ሰዓት ይህ ልዩነት የነፍስ ልዩነት ነው። ቀጥሎ አረሩ። ቦይ ያለው ጠመንጃ ከራሱ አረር ማቅለጫ ቅርጽ ጋር ነው የሚገዛው፤ ቅርጹ ከጠፋ ጠመንጃው ዱላ ነው። ልሙጡ ግን እርሳስ ቢጠፋ የተቀጠቀጠ ብረት ይጎርሳል። ብረት በቦይ ላይ ቢተኮስ ቦዩን ፍቆ ይጨርሰዋል፤ ልሙጡ ላይ ግን በጨርቅ ከተጠቀለለ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ብረት ከእርሳስ ይቀልላል፤ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው የብረት ኳስ ክብደቱ የእርሳሱ ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን አጥንት ላይ አይጨፈለቅም። የአውሮፓ አዳኞች እርሳሳቸውን ለማጠንከር ቆርቆሮ ወይም ባዜቃ ሲቀላቅሉ የፈለጉት ይህንኑ ጥንካሬ ነበር።

ርቀቱን፣ ባሩዱን፣ አረሩንና ጊዜውን ሰጥታችሁ «በርሜል ምረጥ» ብትሉኝ የምመርጠው ልሙጥ ነው። የሼሁ አባት ጠመንጃ የተሻለ ነገር ባለመገኘቱ የተያዘ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ጫካ ግን ከፎርሳይት በርሜል የተሻለ ነበር። 12 ቦር ለዝሆን ጠበብ ማለቱን አልክድም፤ ያንን የሚያካክሰው የአዳኙ ቅርበትና ድፍረት ነው፤ ይህ ደግሞ በካሊፐር አይለካም።

ክፍት ሜዳና ጥሩ ባሩድ፣ ቅርጽም ያለው ሰው ግን ሌላ ይመርጣል። ለእርሱ የምጽፈው ይህ ነው፦ 10 ቦር፤ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 41 ግራም የሚመዝን አረር በጨርቅ ተጠቅልሎ፤ በ2.9 ሜትር አካባቢ አንድ ዙር፤ ጥልቀት የሌላቸው ብዙ ቦዮች፤ የበርሜል ርዝመት 75 ሴንቲ ሜትር፤ ጠቅላላ ክብደት ከ5 ኪሎ ተኩል የማያንስ። በ12 ግራም ባሩድ ርግጫው 60 ጁል ያህል ይሆናል፤ ያማል፣ ግን ነርቭ አያበላሽም። ይህን የምጽፈው ለታሪክና ለስሌት ልምምድ ነው። ዝሆን ዛሬ የሚጠበቅ እንስሳ ነው፤ ጠመንጃ መሥራትም ሆነ መጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ወርክሾፓችን ውስጥ ቱቦ ይዞ የሚገኝ ተማሪ ካለ እኔን አይጥቀስ።

በመጨረሻ በዚያን ቀን ለክተን ያልነገርኋችሁ አንድ ቁጥር አለ። የበርሜሉን ውጫዊ ርዝመት ከአፈሙዙ እስከ እሳት ማስገቢያው ቀዳዳ ለካሁ፤ 98 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወደ ውስጥ ሰድጄ በአፉ ላይ ምልክት አደረግሁ፤ 89 ሴንቲ ሜትር። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጎደለ። ተማሪው ቀድሞኝ ገባውና ፊቱ ተለወጠ። ጠመንጃው ጎርሶ ነበር፤ ግድግዳ ላይ፣ ከልጆች መኝታ በላይ፣ ማን እንዳጎረሰው ሳይታወቅ። ለሠርጉ በላዩ ላይ ሌላ ባሩድ ቢጨመርበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ ማስላት አያስፈልገኝም፤ ጥቁር ባሩድ ደርቆ ከኖረ መቶ ዓመትም ቢሆን ይነድዳል። እባካችሁ፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ቅርስ ካለ በዘንግ ለኩት፤ አፉን ወደ ሰው ሳታዞሩ፣ ከእሳት አርቃችሁ። ጎድሎ ከተገኘ አትነካኩት፤ ለሚመለከተው አሳውቁና የሚያውቅ ሰው ይምጣ።

እኛም ከወረዳው ፖሊስ ባለሙያ ጠርተን በአፉም በቀዳዳውም ውሃ እየተሞላ ሁለት ቀን አደረ። ባሩዱ እንደ ጭቃ ሆኖ ከተለቀቀ በኋላ አረሩ በመሳቢያ ወጣ። እርሳስ አልነበረም። በመዶሻ የተቀጠቀጠ፣ ከሞላ ጎደል ክብ የሆነ ብረት ነው፤ የበሰበሰ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል። ለካሁት፤ 17.4 ሚሊ ሜትር፤ ጥላሸቱን እንዲያልፍ የተተወለት ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል።

ሼሁ አረሩን ከእጄ ተቀብለው በመዳፋቸው ሲመዝኑ ቆዩ። «ይህ የአባቴ መዶሻ ነው» አሉ፤ በጋቢያቸው ጫፍም ቋጠሩት። ለሠርጉ ከበሮ ተመታ።

 ጥያቄ ካለ ጊዜ አለን።